ፎስፌት፣ ትሪስ ወይስ ሄፔስ? የላቦራቶሪ ባፈር መምረጫና ማዘጋጃ

ባፈር ለማዘጋጀት የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ፒኤቹ (የአሲድነት ልኩ) ስንት ይሁን?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለምርጫ ግን አይበቃም። ፒኤቹ 7.4 የሆነ ባፈር ከፎስፌትም፣ ከትሪስም፣ ከሄፔስም ሊሠራ ይችላል። ሦስቱም በፒኤች ሜትር ሲለኩ ያው አንድ ቁጥር ያሳያሉ፤ ናሙናው ላይ ሲፈስሱ ግን ጠባያቸው ለየቅል ነው። አንደኛው ካልሲየም ሲያገኝ ይደፈርሳል፤ ሁለተኛው ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ሲሞቅ ፒኤቹ ይወርዳል፤ ሦስተኛው በሴል ማሳደጊያ ውስጥ ሆኖ ብርሃን ሲመታው ሴሎቹን የሚጎዳ ነገር ሊያመነጭ ይችላል። ስለዚህ ባፈሩ የሚያርፍበት ናሙና፣ ሥራው የሚካሄድበት ሙቀትና በእጅ ያለው መሣሪያ ከፒኤቹ ቁጥር እኩል መታየት አለባቸው።

ቁጥሩ የሚጠቅመው እጩዎችን ለመቀነስ ነው። ባፈር ማለት ደካማ አሲድና የእርሱ ጥንድ የሆነው ቤዝ አብረው የሚገኙበት ሶሉሽን ሲሆን፣ አሲድ ሲጨመር ቤዙ፣ ቤዝ ሲጨመር ደግሞ አሲዱ እየተቀበለ ፒኤቹ ብዙ እንዳይናወጥ ያደርጋል። ሁለቱ እኩል የሚሆኑበት ፒኤች ፒኬኤ ይባላል፤ ባፈሩ ከሁሉ ይበልጥ የሚበረታውም እዚያ ነጥብ ላይ ነው። ከፒኬኤው በ1 ፒኤች ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች ሲርቅ አቅሙ ወደ ሢሶ ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲያ ስሙ ባፈር ቢሆንም ሥራው የባፈር አይደለም። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ የአሴቴት ፒኬኤ 4.76፣ የፎስፌት ሁለተኛው ፒኬኤ 7.2፣ የሄፔስ 7.5፣ የትሪስ 8.1፣ የቦሬት ደግሞ 9.2 ገደማ ነው። ፒኤች 5 የሚፈልግ ሰው ትሪስን፣ ፒኤች 9 የሚፈልግ ሰው ፎስፌትን ያለ ብዙ ክርክር መተው ይችላል። ምርጫው የሚከብደው ከ7 እስከ 8 ባለው ክልል ነው፤ አብዛኛው የሕክምናና የባዮሎጂ ሥራ የሚካሄደውም፣ እጩዎቹ የሚበዙትም እዚያው ነውና።

ፎስፌት

አንድ ባፈር ብቻ ምረጥ ብባል ፎስፌትን እመርጣለሁ። ጨዎቹ ርካሽ ናቸው፤ ክዳናቸው በደንብ ከተዘጋ ለዓመታት ይቆያሉ፤ ሙቀት በ1 ዲግሪ ሲጨምር ፒኤቹ የሚወርደው በ0.003 ገደማ ብቻ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሁለቱን ጨዎች በትክክል መዝኖ ውሃ ውስጥ በማሟሟት ብቻ የተፈለገው ፒኤች ላይ መድረስ ይቻላል፤ ፒኤች ሜትሩ የተበላሸበት ወይም ጭራሹኑ የሌለበት ላቦራቶሪ ይህን ጥቅም አቅልሎ አያየውም።

ለዚህ ጥሩው ምሳሌ ለወባ ምርመራ የሚውለው የጂምሳ ማቅለሚያ ባፈር ነው። 0.7 ግራም ፖታሲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌትና 1.0 ግራም ውሃ አልባ ዳይሶዲየም ሃይድሮጅን ፎስፌት በ1 ሊትር ዲስቲልድ ውሃ ሲሟሙ ፒኤቹ 7.2 ገደማ ይሆናል። የደም ሴሎችን ቅርጽ ለማየት የሚዘጋጁ ስሚሮች (በመስታወት ላይ የተቀባ ደም) ብዙ ጊዜ በ6.8 ይቀለማሉ፤ ለወባ ግን 7.2 የሚመረጠው ጥገኛው ራሱ ብቻ ሳይሆን በተጠቃው ቀይ የደም ሴል ውስጥ የሚታየው ምልክትም ስለሚፈለግ ነው። በኢትዮጵያ ሁለቱ የወባ ጥገኛ ዓይነቶች፣ ፋልሲፓረምም ቫይቫክስም ስላሉ፣ ቫይቫክስን ለመለየት የሚረዱት የሹፍነር ነጠብጣቦች ጥርት ብለው መውጣታቸው ለሕክምናው ምርጫ ትርጉም አለው። ባፈሩ ወደ አሲድነት ሲያደላ ቀይ ሴሎቹ ይቀላሉ፣ ነጠብጣቦቹም ይደበዝዛሉ።

ይህን በመጽሐፍ ሳይሆን በራሴ እጅ ነው የተማርኩት። ከዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ ላቦራቶሪ የተለመደው የዳይሶዲየም ጨው አልቆ ሌላ ጠርሙስ መጣ። ዱቄቱ ከቀድሞው ይልቅ እንደ ስኳር የሚያብረቀርቅ ነበር፤ እኔ ግን ስሙን ብቻ አይቼ እንደ ወትሮው 1.0 ግራም መዘንኩ። ከዚያ በኋላ በቀጭኑ ስሚር ላይ ነጠብጣቦቹ ጠፉ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ጂምሳውን ስንወቅስ ከረምን። በመጨረሻ አንድ ባልደረባ የጠርሙሱን ምልክት ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ሲያነበው ከጨው ስም ቀጥሎ በትንሽ ፊደል የተጻፈው «ዶዴካሃይድሬት» ሆኖ ተገኘ። በእያንዳንዱ የጨው ሞለኪውል ላይ 12 የውሃ ሞለኪውል ተሸክሟል ማለት ነው። የውሃ አልባው ሞለኪውላዊ ክብደት 141.96 ሲሆን የዚህኛው 358.14 ነው፤ ስለዚህ 1 ግራም መዘንኩ ስል ጨው ያገባሁት ከሚያስፈልገው 40 ከመቶውን ብቻ ነበር። ፒኤቹ ሲለካ 6.8 ሆነ፤ ሒሳቡም የሚሰጠው ይህንኑ ነው።

የዚያን ጊዜ በግድግዳ ላይ የለጠፍነው ወረቀት እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። 1.0 ግራም ውሃ አልባ ጨው የሚተካው በ1.25 ግራም ባለ 2 ውሃ፣ በ1.89 ግራም ባለ 7 ውሃ፣ ወይም በ2.52 ግራም ባለ 12 ውሃ ጨው ነው። የትኛው ዓይነት እንደተገዛ ጠርሙሱ ላይ ካለው ሞለኪውላዊ ክብደት ወዲያውኑ ይታወቃል፤ ስለዚህ ከስሙ ይልቅ ይህን ቁጥር ማንበብ ይሻላል።

ፎስፌት የማይሆንባቸው ቦታዎችም አሉ፤ የሚያሳዝነው ብዙዎቹ የሚታወቁት ሥራው ከተበላሸ በኋላ ነው። ካልሲየም ወይም ማግኒዢየም ባለበት ሶሉሽን ውስጥ ነጭ ዝቃጭ ይሠራል፤ በተለይ በኦቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት ማምከኛ) ሲሞቅ ይብሳል። ፎስፌትን የሚሰጡ፣ የሚቀበሉ ወይም የሚቆርጡ ኢንዛይሞችን ለሚያጠና ሰው ባፈሩ ራሱ የምርመራው ተካፋይ ስለሚሆን ውጤቱን ያዛባል። ናሙና በረዶ ውስጥ ለሚያስቀምጥ ደግሞ የባሰ ነገር አለ፤ የሶዲየም ፎስፌት ባፈር ሲቀዘቅዝ የዳይሶዲየሙ ጨው ቀድሞ ክሪስታል ሆኖ ይወጣል፣ ገና ባልረጋው ፈሳሽ ውስጥ የሚቀረው አሲዳማው ጨው ይበዛል፣ ፒኤቹም ከነበረበት ከ2 ነጥብ በላይ ሊወርድ ይችላል። በዚያ ቅጽበት ፕሮቲኑ የት እንዳለ ማሰብ ነው። የፖታሲየም ፎስፌት በዚህ ረገድ በጣም የተሻለ ስለሆነ፣ በፎስፌት ውስጥ ማቀዝቀዝ ግድ ከሆነ እርሱ ይመረጥ።

ትሪስ

ትሪስ የሚያሸንፍበት ሜዳ ከ7.5 እስከ 8.5 ያለው ነው፤ የዲኤንኤ ሥራ በሙሉ ማለት ይቻላል በእርሱ ላይ የቆመ ነው። ካልሲየምንና ማግኒዢየምን አያዘቅጥም፤ ማግኒዢየም ለሚፈልጉ ኢንዛይሞች ከፎስፌት የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ዋጋውም ከፎስፌት ይበልጣል እንጂ አያስፈራም።

ትልቁ ጉድለቱ ሙቀት ነው። ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲጨምር ፒኤቹ በ0.028 ገደማ ይወርዳል፤ ይህም ከፎስፌት 10 እጥፍ ያህል ነው። በ25 ዲግሪ 8.0 የነበረ ትሪስ በማቀዝቀዣ 4 ዲግሪ ላይ 8.6፣ በ37 ዲግሪ ደግሞ 7.7 ገደማ ይሆናል። እንደኛ ባለ ደጋና ቆላው በተቀራረበ አገር ይህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ አዲስ አበባ ውስጥ 20 ዲግሪ በሆነ ክፍል 8.0 ተብሎ የተዘጋጀ ትሪስ ጋምቤላ ውስጥ 35 ዲግሪ በሆነ ክፍል ሲከፈት 7.6 ገደማ ላይ ይገኛል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር አልዋሸም፤ የጎደለው የተለካበት ሙቀት ነው። ስለዚህ ትሪስን የሚመርጥ ሰው ሥራው በሚካሄድበት ሙቀት ፒኤቹን ያስተካክል፤ ካልተቻለም ልዩነቱን አስልቶ ይነሣ። በፒኤች ሜትር ላይ ያለው የሙቀት ማካካሻ ይህን አያደርግለትም፤ ማካካሻው የሚያርመው የኤሌክትሮዱን ንባብ ነው እንጂ የባፈሩን ጠባይ አይደለም። ይህን የሚሳሳቱት ጀማሪዎች ብቻ አይደሉም።

ሁለተኛው ጉድለቱ ከኬሚካዊ ቅርጹ የሚመጣ ነው። ትሪስ አሚን ስለሆነ ከአልዲሃይዶች ጋር ይጋጫል፤ ፎርማሊን ወይም ግሉታራልዲሃይድ ያለበት ማጽኛ (ሕብረ ሕዋስ እንዳይበሰብስ የሚያቆይ ፈሳሽ) በትሪስ ቢዘጋጅ መድኃኒቱ ወደ ሕብረ ሕዋሱ ከመድረሱ በፊት በባፈሩ ይበላል። በፓቶሎጂ ክፍል የሚታወቀው 10 ከመቶ ፎርማሊን በፎስፌት የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው፦ 100 ሚሊ ሊትር የገበያ ፎርማሊን፣ 900 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ፣ 4 ግራም ባለ 1 ውሃ ሶዲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌትና 6.5 ግራም ውሃ አልባ ዳይሶዲየም ሃይድሮጅን ፎስፌት። ፕሮቲንን በሎውሪ ወይም በቢሲኤ ዘዴ ለሚለካም ትሪስ ሲበዛ ንባቡን ያዛባል።

ኤሌክትሮፎረሲስ (ዲኤንኤን በኤሌክትሪክ ኃይል በጄል ውስጥ አሳልፎ በመጠን መለየት) ለሚሠራ ሰው በትሪስ ቤተሰብ ውስጥም ሌላ ምርጫ ይጠብቀዋል። ቲኤኢ የትሪስ፣ የአሴቲክ አሲድና የኢዲቲኤ (እንደ ማግኒዢየም ያሉ ብረቶችን የሚይዝ ኬሚካል) ድብልቅ ሲሆን፣ ቲቢኢ ደግሞ በአሴቲክ አሲድ ፈንታ ቦሪክ አሲድ የገባበት ነው። ትልልቅ ቁርጥራጮችን ለመለየትና ከጄሉ ቆርጦ አውጥቶ በኢንዛይም ለመቀጠል ቲኤኢ ይሻላል፤ ቦሬት አንዳንድ ኢንዛይሞችን ያውካልና። ትንንሽ ቁርጥራጮችን ጥርት አድርጎ ለመለየትና ለረጅም ሰዓት ለማስኬድ ቲቢኢ ይበልጣል፤ ቲኤኢ አቅሙ አነስተኛ ስለሆነ ቶሎ ይደክማል። የቲኤኢን 50 እጥፍ ክምችት ለማዘጋጀት በ1 ሊትር 242 ግራም ትሪስ፣ 57.1 ሚሊ ሊትር ግላሻል አሴቲክ አሲድና 100 ሚሊ ሊትር ፒኤቹ 8.0 የሆነ 0.5 ሞላር ኢዲቲኤ ይገባል። ይህ በአሲድና በቤዝ ማስተካከያ አይፈልግም፤ በትክክል ከተመዘነ ፒኤቹ ራሱ ይመጣል።

ሄፔስ፣ ቢካርቦኔትና የከፍታ ጉዳይ

እ.ኤ.አ. በ1966 ኖርማን ጉድና ባልደረቦቹ ለባዮሎጂ ሥራ የሚሆኑ ባፈሮችን ዘርዝረው አሳተሙ፤ ሄፔስ፣ ሜስና ሌሎችም ዛሬ በእርሱ ስም «የጉድ ባፈሮች» ይባላሉ፤ በአማርኛ ሲጠራ ፈገግ የሚያሰኝ ስም ነው። ሄፔስ ከብረቶች ጋር እምብዛም አይጣበቅም፣ ፒኬኤው ለሕያው ሴል ቅርብ ነው፣ ሙቀት ሲጨምር የሚወርደውም በ1 ዲግሪ 0.014 ገደማ ስለሆነ ከትሪስ ግማሽ ነው። ዋጋው ግን ከሁለቱም በግልጽ ይበልጣል፤ ለማጠቢያና ለማቅለሚያ በሊትር የሚያፈሱት ነገር አይደለም። ሪቦፍላቪን ባለበት የሴል ማሳደጊያ ውስጥ ብርሃን ሲመታው ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ስለሚፈጠር፣ ሄፔስ ያለበትን ጠርሙስ ከብርሃን መከለል ያስፈልጋል።

የሴል ካልቸር ሠራተኞች ሄፔስን የሚፈልጉት በዋናነት ቢካርቦኔትን ለማገዝ ነው። ቢካርቦኔት የሚሠራው በማሳደጊያው ውስጥ ካለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት ጋር ተመዛዝኖ ነው፤ 5 ከመቶ የሚለው የተለመደ ልክም የተሰላው ለባሕር ወለል ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው አዲስ አበባ የአየር ግፊቷ የባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ 5 ከመቶ የሚሰጠው ግፊትም በዚያው መጠን ያንሳል፤ ማሽኑ ይህን የማያካክስ ከሆነ የማሳደጊያው ፒኤች ከ0.1 በላይ ወደ ላይ ይወጣል። ፊኖል ሬድ (ከፒኤቹ ጋር የሚለዋወጥ ቀለም) ያለበት ማሳደጊያ ከሚጠበቀው ይልቅ ወደ ወይን ጠጅነት የሚያደላው በዚህ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ጋዙን ወደ 6.7 ከመቶ ገደማ ማሳደግ፣ ወይም ከ10 እስከ 25 ሚሊሞላር ሄፔስ መጨመር ነው። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ርካሽም ነው፣ ምክንያቱንም ይነካል።

ከ6 በታች ላለው ክልል ብዙ ማለት አያስፈልግም። አሴቴት ርካሽና ቀላል ነው፤ ሲትሬት ሰፋ ያለ ክልል ይሸፍናል፣ ግን ካልሲየምን አጥብቆ ይይዛል። ደም እንዳይረጋ በቱቦ ውስጥ የሚገባውም በዚሁ ጠባዩ ስለሆነ፣ ካልሲየም የሚፈልግ ኢንዛይም ላይ አይሞከርም።

የማዘጋጃው መንገድ

ዓይነቱ ከተመረጠ በኋላ የሚቀረው ምርጫ እንዴት ይዘጋጅ የሚለው ነው፤ ሁለት ጨው መዝኖ ማደባለቅ፣ አንዱን አሟሙቶ በአሲድ ወይም በቤዝ ማስተካከል፣ ወይም ዝግጁ እንክብል መግዛት። ትክክለኛ ሚዛን ለሌለው ጤና ጣቢያ እንክብሉ ያዋጣል፤ በምልክቱ ላይ በተጻፈው የውሃ መጠን ውስጥ ማሟሟት ብቻ ነው። ውድነቱ የሚሰማው በሳምንት ብዙ ሊትር ለሚጠቀም ነው።

መዝኖ ማደባለቅን የሚመርጥ ሰው ከፒኬኤውና ከሁለቱ ጨዎች ድርሻ ፒኤቹን የሚያሰላውን የሄንደርሰንና የሃሰልባልህን ቀመር ያውቃል። ቀመሩ ጥሩ መነሻ ነው፤ ግን ፒኬኤው በሶሉሽኑ ጥንካሬ እንደሚለወጥ መዘንጋት የለበትም። 0.1 ሞላር የሶዲየም ፎስፌት ባፈር በፒኤች 7.4 ይሠራ ቢባል፣ 7.2ን ፒኬኤ አድርጎ የሚያሰላ ሰው 61 እጅ ዳይሶዲየም ከ39 እጅ ሞኖሶዲየም ጋር ያደባልቃል። በልምድ የተሠራው ሠንጠረዥ የሚለው ግን 77.4 ሚሊ ሊትር የ1 ሞላር ዳይሶዲየም ከ22.6 ሚሊ ሊትር የ1 ሞላር ሞኖሶዲየም ጋር ተደባልቆ 1 ሊትር እንዲሞላ ነው። የመጀመሪያው ድብልቅ ቢለካ ወደ 7.1 ይጠጋል። ጥንካሬው ሲጨምር የፎስፌቱ ፒኬኤ ወደ 6.9 ስለሚወርድ ነው። በዚሁ ምክንያት 10 እጥፍ የተጠናከረ ፒቢኤስ (የገበታ ጨው የገባበት የፎስፌት ባፈር) ሲለካ 6.8 አካባቢ ቢያሳይ አይደንገጡ፤ ወደ 1 እጥፍ ሲቀጠን ወደ 7.4 ይመለሳል። ክምችቱን 7.4 ላይ ያስተካከለ ሰው ነው የሚሳሳተው።

ትሪስ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአሲድ ይስተካከላል። ለ1 ሞላር፣ ፒኤች 8.0፣ 121.1 ግራም የትሪስ ቤዝ በ800 ሚሊ ሊትር ውሃ ይሟማል፤ ከዚያ 42 ሚሊ ሊትር ገደማ የተጠናከረ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በጭስ ማውጫ ሁድ ውስጥ፣ በመነጽርና በጓንት፣ ማግኔቲክ ስተረሩ እያሽከረከረ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል። ቢከሩን በመዳፍ ቢነኩት ሞቅ ብሎ ይገኛል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሙቀቱ ንባቡን ዝቅ አድርጎ ስለሚያሳይ 8.0 ደረሰ ብሎ የሚያቆም ሰው ሶሉሽኑ ሲበርድ 8.2 ወይም ከዚያ በላይ ያገኛል። ስለዚህ 8.2 ሲደርስ ማቆም፣ ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ መተው፣ ከዚያ በጠብታ መጨረስ ይገባል። አሲዱ አልፎ ከሄደ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጨምሮ መመለስ ይቻላል፤ ሶሉሽኑ ውስጥ ግን ያልታሰበ የገበታ ጨው ይፈጠራል፣ ጥንካሬውም ከተጻፈው ይለያል። ለኤሌክትሮፎረሲስ ወይም ለኢንዛይም ከሆነ ደፍቶ እንደገና መጀመር ይሻላል። 1 ሊትር የሚሞላው ፒኤቹ ከተስተካከለ በኋላ ነው፤ የትሪስ ባፈር 10 እጥፍ ሲቀጠን ፒኤቹ 0.1 ያህል ሊወርድ ስለሚችልም ከቀጠነ በኋላ አንድ ጊዜ መልሶ መለካት አይጎዳም።

ይህ ሁሉ ፒኤች ሜትሩ ከታመነ ነው። በየዕለቱ ቢያንስ በሁለት መደበኛ ባፈሮች፣ የሚፈለገው ፒኤች በመካከላቸው እንዲወድቅ ተደርጎ፣ ካሊብሬት ይደረግ፤ ለትሪስ 7.00 እና 10.01፣ ለአሴቴት 4.01 እና 7.00። ኤሌክትሮዱ ሲቀመጥ በዲስቲልድ ውሃ ውስጥ አይዘፈዘፍ፤ 3 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ ይቀመጥ። ባለ አንድ መገናኛ የብር ኤሌክትሮድ ትሪስን ሲለካ የሚዘገይና የሚዋልል ከሆነ ባለ ሁለት መገናኛ መሞከር ነው። ዲስቲልድ ውሃው ብቻውን ሲለካ 5.6 አካባቢ ቢያሳይ ግን ውሃው ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀበል ነው፤ የራሱ አቅም ስለሌለውም ባፈሩን አይነካውም። የቧንቧ ውሃ ግን አይተካውም፤ ካልሲየሙ ከፎስፌት ጋር ይዘቅጣልና።

ጠርሙሱ ላይ ስም፣ ጥንካሬ፣ ፒኤች፣ የተለካበት ሙቀት፣ ጨው ከሆነ የተሸከመው የውሃ ሞለኪውል ብዛት፣ ቀንና ያዘጋጀው ሰው ፊርማ ይጻፍ። ፎስፌት ለጀርም ጥሩ ምግብ ስለሆነ ካልተጣራ ወይም በኦቶክሌቭ ካልበሰለ በክፍል ሙቀት ብዙ አይቆይም፤ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥተው ዞር ሲያደርጉት ከታች ክር የመሰለ ነገር ሲዋኝ ከታየ አጣርቶ መጠቀም አያዋጣም፤ ይደፋ፣ ጠርሙሱም ታጥቦ በኦቶክሌቭ ይለፍ።